በገዛ ማኅተሜ የዘጋሁት በር

ቀን፦ መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም
መካነ ሰላም

በውጭ አገር የሚገኙ ዜጎችን አቤቱታ ለሚቀበለው ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ አሕመዲን ሙሄ፣ ዕድሜ 63፣ ሥራ ልብስ ስፌት፣ የወይራ ምንጭ ቅሬ ዳኛ

ጉዳዩ፦ በኑክሌር ሙከራው ምክንያት ቆንስላችን ከተዘጋባት አገር ልጄ ኢልሀም አሕመዲን የጉዞ ሰነድ አግኝታ የምትወጣበት መንገድ እንዲፈለግላት፣ እኔ የፈረምኩት የድጋፍ መግለጫም መከልከያ እንዳይሆንባት ስለመጠየቅ

አባሪ፦ ሦስት ገጽ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ አራተኛው ወረቀቴ ነው። የፊተኞቹን ሦስቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ካለ አላህ ጀዛውን ይክፈለው፤ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ይህን የሚጽፉልኝ የቅሬያችን ጸሐፊ አቶ አምባቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። «ማመልከቻ አጭር ሲሆን ነው የሚነበበው» ብለው መክረውኛል። የፊተኞቹ ሦስቱ አጫጭር ነበሩ።

የአገሪቱን ስም አልጠቅስም። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ጠቅሼው ነበር፤ ደሴ ላይ የተቀበለኝ ሠራተኛ «አባባ፣ የዲፕሎማሲ ጉዳይ ስለሆነ ስሟን ያውጡት» ብሎ መለሰልኝና እንደገና ለማስጻፍ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩ። ስለዚህ «ያቺ አገር» እላለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

1. የምኖረው በመካነ ሰላም ከተማ ዳርቻ በወይራ ምንጭ ሲሆን፣ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የቅሬ ዳኛ ነኝ። የወሎ ሰው ካልሆኑ ቅሬን ባያውቁት አይፈረድብዎትም፤ እናንተ ዕድር የምትሉት ዓይነት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነን ሁለት መቶ አርባ አባወራ ነን። የሞተ እንቀብራለን፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ ያጠፋ ሲኖር ደግሞ እንቀጣለን።

2. ኅዳር 18 ቀን ያቺ አገር ከተራራ ሥር የኑክሌር ቦምብ መሞከሯን በሬዲዮ ሰማን። መንግሥታችን ሙከራውን አወገዘ። በሳምንቱ አምባሳደሩን ጠራ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ ኤምባሲውንም ቆንስላውንም ዘግቶ ሠራተኞቹን አወጣ። ይህን የምዘረዝረው ለመክሰስ አይደለም። እርምጃው ትክክል ነበር ብዬ አምን ነበር፤ ይህን ወረቀት እያስጻፍኩም አምናለሁ። ሰው የተኛበትን መሬት ከሥሩ እያናወጡ «ሙከራ ነው» ማለት ነውር ነው፤ ነውረኛን ዝም ካሉት ይለምዳል።

3. ልጄ ኢልሀም 27 ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚሁ ጨርሳ በ2014 ዓ.ም በሕጋዊ መንገድ፣ ውል ፈርማ፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄደች። «ሁለት ዓመት ነው፣ አብሽሩ አባዬ» ብላኝ ነበር የወጣችው። ሁለቱ አራት ሆነ። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ በኢሞ ትደውላለች። ባለፈው ሐምሌ «አሠሪዎቼ ቤት ቀየሩ» አለችን። እናቷ ዙሀራ «ይሰፋል?» ስትላት «ይሰፋል እማ» አለች። እኛ ሰፈር የቀየሩ መስሎን ነበር። ለካስ የቀየሩት አገር ነው። ባልየው ሥራው ወደዚያች አገር ሲዛወር ቤቱን ጠቅልሎ፣ የልጄን ፓስፖርት በኪሱ አድርጎ፣ እሷንም ይዟት ሄዷል።

እንዳንጨነቅ ብላ አልነገረችንም። የስልክ ቁጥሯ ያው የድሮው ነው፤ በምን እናውቃለን? ልጆቻችን ከዚያ የሚነግሩን ደህና ደህናውን ነው፤ እኛም ከዚህ የምንነግራቸው እንደዚያው። አምና በመኸር እናቷ አውድማ ላይ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር «ሥራ በዝቶባት ነው ወደ ስልኩ ያልመጣችው» እያልን ሁለት ወር አርብ አርብ ዋሽተናታል። እኩል ነን።

4. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እገባለሁ። ታኅሣሥ 5 ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። የየቅሬው ዳኛ ማኅተሙን ይዞ እንዲመጣ ተባለ። አንድ ወጣት ባለሙያ የተዘጋጀ መግለጫ ይዞ ቆሟል፤ የቅሬው ስም የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለው፤ ሞልተን ማተም ብቻ ነው የቀረን። ቆሞ አነበበልን። ሙከራውን እናወግዛለን፣ ከመንግሥታችን ጎን እንቆማለን፣ ይላል።

ቃሉ የላላ መሰለኝ። እጄን አወጣሁና «ልጄ፣ ይህማ ምኑ ቅጣት ሆነ? በእኛ ወግ አጥፊ እንዲህ አይቀጣም» አልኩት። ወጣቱ ደስ አለው፤ «ታዲያ አባባ፣ እርስዎ እንዴት ይሉታል?» አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ሰው በተሰበሰበበት «እንዴት ይሉታል» ሲባል ዝም የሚል የቅሬ ዳኛ ግን አላየሁም። ብድግ ብዬ፣ አንድን ሰው ከቅሬ ስንለይ የምለውን ቃል አልኩ፦ «እሳት አትስጧት፣ ውኃ አትቅዱላት፣ ከደጇ የሚቆም የእኛ ሰው አንድም አይኑር።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወጣቱ ቃል በቃል ጻፈው። ፊተኛውን ፊርማ ፈረምኩ፤ ማኅተሙን እፍ ብዬ አተምኩ። በሳምንቱ ቃሌ በሬዲዮ ሲነበብ ዙሀራ ጎረቤት ጠርታ አሰማች። እኔም፣ አፉ ይበሉኝ፣ ኮርቼ ነበር።

5. ለምን እንዲህ እንዳልኩ ይረዱልኝ። በቅሬ ሥርዓት ቃሉ ሲነገር ሙሉውን ነው። «ከእገሌ በቀር» አይባልም፤ ከተባለ ቃሉ ይሳሳል፣ አጥፊውም ይደፍራል። ነገር ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ የቅሬው ጠሪ በቃሉ አይያዝም። ጠሪ ማለት ሰው ሲሞት በየደጁ እየዞረ የሚጣራው ሰው ነው። ወደተለየው ቤት ሕመም ቢገባ፣ ሞት ቢገባ፣ እሱ ገብቶ ያያል፣ ለዳኛው ይነግራል። ይህ በሸንጎ አይነሣም፤ ማንም ግን አይረሳውም።

በ2009 ዓ.ም ገበየሁ የሚባለውን አባላችንን ለይተነው ነበር። የምንጩን ውኃ ወደ ማሳው ጠልፎ፣ ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሰላም ያለው ሰው የለም። ቅጣቱ በገባ በስምንተኛው ወር ሚስቱን ወይዘሮ አልታየችን ምጥ ጠናባት። ጠሪያችን ሀምዱ ገብቶ አያትና እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ስምንት ሰው በቃሬዛ ይዘዋት እንዲወጡ አዘዝኩ። አራቱ አጉረመረሙ፤ እያጉረመረሙም ተሸከሙ። ዝናብ ነበር፤ ዳገቱ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ገበየሁ ከኋላ ይከተላል፤ ቀና ብሎ ያየው የለም። ሚስቱን ግን ጭቃ ሳናስነካ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ በሰላም ተገላገለች። በማግሥቱ ቅጣቱ እንደነበረ ቀጠለ። «ቅሬው ተሸነፈ» ያለ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ስፎክር፣ መንግሥትም ጠሪ ያለው መስሎኝ ነበር። እኛ ድሆቹ ያለን ነገር መንግሥት እንዴት ያጣል ብዬ? አልጠየቅኩም። የሚጠየቅም አልመሰለኝም።

6. ጥር 9 ቀን ቅዳሜ አሚራ የምትባል የወረኢሉ ልጅ ቤቴ መጣች። ከኢልሀም ጋር በአንድ ሕንፃ ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። «እነ ኢልሀም ሲሄዱ ኪሎ በዝቶባት አስቀምጪልኝ ብላኝ ነው፤ አደራዋን ላድርስ ብዬ» አለች። ዙሀራ «የት ሲሄዱ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ የአገሪቱን ስም ጠራች።

በስፌት መኪናዬ ሱሪ እየሰፋሁ ነበር፤ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ። ዙሀራ ወደ እኔ ዞራ «ያቺ ናት? በሬዲዮ ያልካት?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዙሀራ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችኝም። ለእንግዳዋ ምሳ አቀረበች። እኔን እስከ ማክሰኞ አላናገረችኝም። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ብዙ ተጣልተናል፤ እንዲህ ዝም ብላኝ ግን አታውቅም። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

7. በቀጣዩ አርብ ልጄን ጠየቅኳት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። በሙከራው ቀን ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ እሷን «አንቺ በሩን ጠብቂ» አሏት። በሩን ከምን እንደምትጠብቅ አልነገሯትም። በታኅሣሥ መጨረሻ ቤተሰቡ አገሪቱን ጥሎ ወጣ። ለእሷ ቲኬት አልተቆረጠም። ፓስፖርቷን ደጅ ላይ ሰጧት፤ ያኔ ጊዜው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። አሁን ከአሥራ አንድ የአገሯ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ናት። አንዷ ከሩቅ፣ ከማሻ ከተማ የመጣች ናት፤ ሁሉም እንደ እህት ይተዛዘናሉ አለችኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

እናቷን የሚያስጨንቃት ነፋሱ ነው። «ያ መርዝ አይደርስባትም?» ትላለች በየቀኑ። አቶ አምባቸው፣ ሙከራው ከመሬት ሥር ስለሆነ ብዙ እንደማይወጣ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥዕል ሠርተው አስረዷት። እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና «ብዙ አይወጣም ማለት ትንሽ ይወጣል ማለት ነው» አለቻቸው። መምህሩ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን እርሳቸው ራሳቸው እየጻፉት ነው፤ እውነት ነው ብለውልኛል።

8. ያቺ አገር መኖሪያ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች እስከ መጋቢት 30 ቀን ያለ እስር እንዲወጡ ፈቅዳለች። ከዚያ በኋላ የተገኘ ይታሰራል። ለመውጣት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው፤ ሊሴ ፓሴ የሚሉት የጉዞ ሰነድ። እሱን የሚሰጠው የራስ አገር ቆንስላ ነው። በእኛ ቆንስላ በር ላይ የተለጠፈውን ልጄ ፎቶ አንሥታ ልካልኛለች (አባሪ አንድ)። «እስከ ተጨማሪ ማሳወቂያ አገልግሎት አይሰጥም» ይላል። እነ ኢልሀም በሩን ሁለት ቀን ጠበቁ። የሌላ አገር ልጆች በየኤምባሲያቸው ተሰልፈው ወረቀታቸውን ይዘው ሲስቁ አየን አለችኝ።

9. ስለ መመላለሴ ብዙ አልናገርም። እዚህ ያለው ቢሮ ወደ ደሴ ሰደደኝ። ለደሴ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። አንዴ መንገዱ ተዘግቶ ከአቀስታ ተመለስኩ። አንዴ የአገሪቱን ስም አውጣ ተባልኩ። አንዴ ሲስተም የለም ተብዬ በረንዳ ላይ ዋልኩ፤ አብሮኝ የተቀመጠ አንድ አባት «ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» ሲል ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር። ሦስተኛውን ማመልከቻ ለአዲስ አበባ በፖስታ ላክሁ። ጉልበቴ ታሟል፤ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ። ይህን የምለው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ኃላፊዎች ሁልጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚቀመጡት ለምን እንደሆነ ስለማይገባኝ ነው። አቶ አምባቸው ይህ ዓረፍተ ነገር ይውጣ ብለዋል፤ ይቆይ ብያለሁ።

10. የካቲት 12 ቀን መልስ መጣልኝ (አባሪ ሁለት)። ሁለት ነገር ይላል።

አንደኛ፣ ባለጉዳይዋ ወደ ጎረቤት አገር ተሻግራ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን ታመልክት ይላል። ያለ ሰነድ ድንበር መሻገር የሚቻል ቢሆን ሰነዱን ምን ትሠራበታለች?

ሁለተኛ፣ «የተወሰደው እርምጃ የኅብረተሰቡን ጠንካራ ፍላጎት የተከተለ መሆኑን አመልካቹ የሚመሩት ቅሬ ታኅሣሥ 5 ቀን ካወጣው መግለጫ መረዳት ይቻላል» ይላል። ከሥሩ የራሴን ቃል በጥቅስ አስፍረውልኛል፦ ከደጇ የሚቆም የእኛ ሰው አንድም አይኑር። ደብዳቤውን ያነበቡልኝ አቶ አምባቸው ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። «አንብቡት» አልኳቸው፤ አነበቡት። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

11. ወሬው ተሰምቶ ገበየሁ ቤቴ መጣ። ያ በ2009 ዓ.ም የለየነው ገበየሁ ነው፤ ታርቀን እንደ ወንድም ነን። ሊያላግጥ መጣ ብዬ ነበር፤ ቢያላግጥም ሐቁ ነው። አጠገቤ ተቀመጠ። «አሕመዲን፣ እኔን ስትለዩ ሀምዱን ትታችሁልኝ ነበር። ለዚች ልጅ ማንን ተዋችሁላት?» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሱ ያውቀዋል፤ ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። 

12. እኔ ባልፈርምም ቆንስላው መዘጋቱ እንደማይቀር አውቃለሁ። አቶ አምባቸውም «የወይራ ምንጭ ማኅተም ኤምባሲ አይዘጋም» ይሉኛል፤ ሊያጽናኑኝ ነው። እሺ፣ አይዘጋ። ታዲያ ለመዝጋት ያልበቃ ማኅተም ልጄን ለመከልከል እንዴት በቃ? ወይ ቃሌ ሚዛን አለው፣ ያኔ ማብራሪያዬም ይሰማ፤ ወይ ሚዛን የለውም፣ ያኔ በልጄ ላይ አይጠቀስ። ሁለቱም ባንድ ላይ አይሆንም።

13. ቅሬው የካቲት 22 ቀን እሑድ ተሰብስቦ ነበር። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል፤ ሰዉ ሁሉ ደክሞት፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ጥፋቴን ቆሜ ተናገርኩ። ዳኝነቴን ላስረክብ አልኩ፤ «እሱን ልጅቷ ስትገባ እናያለን» ብለው አስቀመጡኝ። ቃላችን እንደ ወጋችን እንዲተረጎም፣ ጠሪ በቃሉ እንደማይያዝ የሚያስረዳ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ (አባሪ ሦስት)። ከሁለት መቶ አርባ አባወራ ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ ፈርሟል ወይም አውራ ጣቱን አኑሯል። የቀሩት ሩቅ የሄዱና የታመሙ ናቸው። በግራ በኩል ሦስተኛው የጣት አሻራ የሀምዱ ነው፤ አርጅቷል፣ ልጆቹ ደግፈው ነው ያመጡት።

14. ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው።

ሀ/ ቅጣቱ ይቆይ። አምባሳደሩ አይመለሱ፣ ባንዲራውም አይሰቀል። ማኅተም የያዘ አንድ ሰው ብቻ ለሁለት ቀን ሄዶ ለአሥራ ሁለቱ ልጆች የጉዞ ሰነዳቸውን ይስጥ። ይህ የማይመች ከሆነ፣ እዚያ ኤምባሲ ያለው አንድ ወዳጅ አገር በእኛ ስም እንዲሰጥላቸው በደብዳቤ ይወከል። እንዲህ የሚደረግበት አሠራር እንዳለ አቶ አምባቸው ነግረውኛል።

ለ/ የታኅሣሥ 5 ቀኑ መግለጫ በልጄ ጉዳይ ላይ እንዳይጠቀስ፣ የቅሬው ቃለ ጉባኤም ከፋይሏ ጋር እንዲያያዝ።

መግለጫውን አልስበውም። ቦምቡ ዛሬም ነውር ነው። ሰው ቀጥቶም ሰው መሆን ይቻላል፤ እኛ በቃሬዛ አይተነዋል።

15. አንድ ነገር ቀርቶኛል። አቶ አምባቸው «ይህ ለቢሮ አይጻፍም» ብለው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር፤ እንዲያነሡት ለምኛቸዋለሁ።

ባለፈው አርብ ኢልሀም ደውላ ነበር። ድምፅዋ ደክሟል። «አባዬ፣ ምን በድለን ነው እንዲህ ጥለውን የወጡት? አንድ ሰው እንኳ አይቅር ያለው ማነው?» አለችኝ። ዙሀራ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች። እኔ «አላውቅም ልጄ» አልኳት። የሰው መሐላ እየሰማሁ አሥራ አራት ዓመት የፈረድኩ ሰው ነኝ። በረመዳን፣ ውዱእ እንዳደረግኩ፣ ለገዛ ልጄ ዋሸሁ። እሷም «አብሽሩ አባዬ፣ እርስዎ አይጨነቁ» ብላኝ ስልኩን ዘጋችው።

መልስዎ እሺ ከሆነ፣ ኢንሻአላህ ቤቷ ስትገባ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እነግራታለሁ፤ የፈለገችውን ትበለኝ። መልስዎ እምቢ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይንገሩኝ። እምቢታው ሲደርሳት ያ የአዳራሹ ቃሌ አብሮ ተጽፎ ይደርሳታል። ከዚያ ወረቀት ላይ የአባቷን ስም ከማንበቧ በፊት እኔው ልንገራት።

ከድካምና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አሕመዲን ሙሄ
(ፊርማ)
የኢልሀም አባት